ቀለሙ የት ገባ?

እናቴ ሰው በከንቱ አትጠረጥርም። ትጠረጥራለች፤ ግን ማስረጃ ይዛ ነው። ባለፈው ሐምሌ ከጢስ ዓባይ መጥታ እኛ ዘንድ በሰነበተች ጊዜ የያዘችው ማስረጃ አንድ ሳፋ ሙሉ አረፋ ነበር።

ቀኑ እሑድ ነው። እሑድ ዕቃ የማጥበው እኔ ነኝ። ይህ ስምምነት በእኔና በባለቤቴ መካከል ከተደረገ ዓመታት አልፈዋል፤ የሰማይ አምላክና የግቢያችን ተከራዮች ያውቁታል፤ እናቴ ግን አታውቅም ነበር። ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ ዕቃ የሚታጠበው በረንዳ ላይ፣ ከጀሪካን እየተቀዳ፣ በሳፋ ነው። ስለዚህ ሊደበቅ አልቻለም። እናቴ በርጩማዋን ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠችና ነጠላዋን አጣፍታ ታየኝ ጀመር። እኔም ከምጣዱ አጠገብ እንደ ተያዘ ሌባ አንገቴን ደፍቼ ከፕላስቲኩ ጠርሙስ አረንጓዴውን ፈሳሽ ሳሙና ጠብ አደረግሁና ውኃውን በእጄ ማማሰል ያዝሁ። አረፋው ተነሣ። ነጭ፣ ሙሉ፣ ያማረ አረፋ።

«ይሄ አረንጓዴ ነገር ምንድን ነው?» አለች።

«ሳሙና ነው፣ እማዬ።»

«ታዲያ አረፋው ምነው ነጭ ሆነ?»

«አረፋ ነጭ ነዋ!»

«እሱማ የነጭ ሳሙና አረፋ ነው። የአረንጓዴው አረንጓዴ መሆን አልነበረበትም? ቀለሙ የት ገባ?»

መልስ ፍለጋ ወደ ሳፋው አየሁ። ሳፋው ዝም አለ።

«አጭበርብረውሃል» ስትል ፍርዷን ሰጠች።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ስትጣላ የኖረችው ቀለም ከሚለቅ ነገር ጋር ነው። ጥለቱ የለቀቀ ነጠላ፣ አንሶላውን ያዥጎረጎረ ቀይ ካልሲ፣ አንድ የሠርግ ሰሞን መላ ቤተሰቡን ሐምራዊ ያደረገ የገበያ ሻርፕ፤ የሁሉም ክስ አንድ ነበር፦ ለቀቀ። አሁን በስተርጅና ተነሥታ ሳሙናን ባለመልቀቁ ከሰሰችው። ልቃወማት ፈልጌ ነበር፤ ግን ነገሩ የራሴም የቆየ ዕዳ ነው።

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ ቀይ አረፋ ለመንፋት ተነሥቼ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ማስተማር የጀመረበት ዓመት ስለነበር ቤት ውስጥ አንድ ብልቃጥ ቀይ ቀለም ነበር፤ የተማሪ ደብተር የሚያቆስልበት። ግማሹን በሳሙና ውኃ ኩባያ ውስጥ ገለበጥሁና በእስክሪብቶ ቀፎ ነፋሁ። የወጣችው አረፋ ግን ቀይ አይደለችም። እንደ ወትሮዋ ጥርት ብላ፣ ገላዋ ላይ ቀስተ ደመና እየተርመሰመሰ ወጣች። ቀዩ ቀለም ከታች ተጠራቅሞ እንደ ሎቲ ተንጠልጥሏል። ነፋስ ይዟት ሄደ፣ ሄደና የእናቴ የጥምቀት ቀሚስ የተሰጣበት ገመድ ጋ ስትደርስ ፈነዳች። ሎቲው ቀሚሱ ላይ ቀረ። ምርምሬም በአንድ ኩርኩም ተቋጨ።

እናት ያልከለከለችው ሰው ግን ገፍቶበታል። በአሜሪካ ሚኒሶታ ቲም ኪሆ የሚባል የመጫወቻ ፈልሳፊ ባለ አንድ ቀለም አረፋ እነፋለሁ ብሎ ከ10 ዓመት በላይ ደክሟል። የገጠመው እኔን የገጠመኝ ነው፤ ቀለሙ በስሱ የአረፋ ገላ ላይ እኩል አይዘረጋም፣ ሸርተት ብሎ ወደ ታች ይወርዳል፤ የፈነዳበትን ሁሉ ደግሞ ያበላሻል። በመጨረሻ ራም ሳብኒስ የተባለ የቀለም ኬሚስት አግዞት፣ ከሳሙናው ጋር ተቆራኝቶ የሚቀመጥ፣ ከፈነዳ በኋላም ከልብስ ላይ በራሱ የሚጠፋ ቀለም ተቀመመ። ፖፑላር ሳይንስ መጽሔት በ2005 እ.ኤ.አ. ከዓመቱ ምርጥ ፈጠራዎች መካከል አድርጎ ሸለመው። ዜናውን ባነበብሁ ጊዜ አናቴን ዳሰስሁ፤ ኩርኩሙ ያረፈበትን።

እንግዲህ እናቴን ማስረዳት ነበረብኝ። ከጠጅ ጀመርሁ።

«እማዬ፣ ጠጅ በብርሌ ሲቀዳ ምን ይመስላል?»

«ወርቅ ነዋ።»

«አንዷን ጠብታ ጥፍርሽ ላይ ብታደርጊያትስ?»

አሰበች። «ውኃ» አለች ሳትወድ።

ነገሩ ይኸው ነው። ቀለም ጥልቀት ይፈልጋል። የአረፋ ግድግዳ ግን ጥልቀት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም፤ ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሚሊ ሜትር ሺህ እጅ አንዱን አይሞላም። አንድ የፀጉር ዘለላ የሚያህል ለመሆን ከመቶ በላይ ግድግዳ መደራረብ አለበት። ያውም ያቺን ጠብታ ሳሙና መጀመሪያ ግማሽ ጀሪካን ውኃ ውስጥ አቅጥነናታል።

«ቀለምን እንደ ኬላ ቀራጭ ቁጠሪው» አልኋት። «ብርሃን ቀይም፣ ብጫም፣ አረንጓዴም፣ ሰማያዊም ሸቀጥ ጭኖ ይመጣል። በዚህ ጠርሙስ ውስጥ ሲያልፍ መንገዱ ረጅም ነው፤ በየእርምጃው ኬላ አለ። ቀራጮቹ ሌላውን ሁሉ እየወረሱ አረንጓዴውን ብቻ ያሳልፋሉ። አረንጓዴ ሆኖ የሚታይሽ ከውርስ የተረፈው ነው። በአረፋው ግድግዳ ውስጥ ግን መንገዱ ከማለቁ በፊት ቀራጩ ከወንበሩ አይነሣም።»

«ታዲያ ሳይቀረጥ አለፈ?»

«አለፈ። ሲያልፍ ግን ሁሉም አላለፈም። ውኃና አየር በሚገናኙበት በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ከ100 እጅ 2 ያህሉ ይመለሳል። በአንድ ግድግዳ ይሄ ምንም አይደለም፤ ለዚህ ነው አንዷ አረፋ እንደ መስታወት ወዲያ የምታሳይሽ። በዚህ ሳፋ ውስጥ ግን ስንት ሺህ አረፋ አለ? አንዱ ያሳለፈውን ሌላው ይመልሰዋል፣ ሌላው የመለሰውን ሦስተኛው ወደ ጎን ይወረውረዋል። ሲንከራተት ሲንከራተት ይቆይና በመጣበት በኩል ይወጣል፤ ሸቀጡ እንዳለ፣ ሳይነካ። ሁሉም ቀለም አንድ ላይ ሲመጣ ደግሞ ዓይናችን ነጭ ይለዋል።»

እናቴ ጥቂት ዝም አለች። «ብርሃን ኮንትሮባንድ ነጋዴ ነው እያልኸኝ ነው?»

«በአረፋ በኩል ሲሄድ፣ አዎ።»

ሐቀኛ ልሁንና፣ ቀራጩ ጨርሶ የማይነቃ አይደለም። ቀለሙ ከበዛ አረፋውም ቀለም ይይዛል፤ ጥቁር ቢራ ያዘዘ ሰው አረፋው ቡና ቢጤ መሆኑን ያውቃል። ይህን ለእናቴ አልነገርኋት። በአንድ እሑድ ሳህን ማጠብም ጥቁር ቢራ ማወቅም ይበዛባታል ብዬ ነው።

ይልቅ ስለ ነጭ ሳስብ አማርኛችን ቀደም ብሎ የደረሰበት ነገር አስገረመኝ። ምንም የሌለውን ሰው «የነጣ ድሀ» እንላለን። ልጅ ሆኜ ድህነትን ከነጭ ጋር ምን እንዳገናኘው አይገባኝም ነበር፤ ድሀ የማውቀው አቧራ ለብሶ ነው። አሁን ግን አረፋውን ሳይ ገባኝ። ነጭ ነገር ማለት የመጣለትን ብርሃን ሁሉ ለሌላ የሚመልስ፣ ለራሱ አንዲት ቀለም እንኳ የማያስቀር ነው። አረንጓዴው ሳሙና የተቀረውን ወርሶ የተቀመጠ ሀብታም ነው፤ አረፋው የነጣ ድሀ። ጨውም እንዲሁ ነው፤ አንዷን ቅንጣት ለብቻዋ ብታዩዋት እንደ ብርጭቆ የጠራች ናት፣ ስትከመር ትነጣለች። ስኳርም፣ የተፈጨ መስታወትም። አባባሉን የፈጠረው ሰው ኦፕቲክስ እንዳልተማረ እርግጠኛ ነኝ፤ ምናልባት ዕቃ ያጥብ ነበር።

እናቴ አሁንም እጅ አልሰጠችም። «እኛ በእንዶድ ስናጥብ እንዲህ ያለ ማምታታት አልነበረም» አለች።

ይህን ስትል በራሷ እግር ወደ ወጥመዴ ገባች። «እንዶድ ሲበስል ፍሬው ምን ዓይነት ነው?»

«ቀይ።»

«አረፋውስ?»

በርጩማዋን ትንሽ ወደ ኋላ ገፋች። የሰው ልጅ በክርክር ሲረታ የሚያደርገው ነው። ግን እናቴ ተረትታ አታውቅም፤ ርዕስ ትቀይራለች። ይሄኔ እኔው ቀየርሁላትና ስለ እንዶድ የማውቀውን አወራኋት። በ1964 እ.ኤ.አ. አክሊሉ ለማ የተባሉ ወጣት ተመራማሪ ዓድዋ ላይ የቢልሃርዚያን ነገር ሊያጠኑ ሄደው፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ባለው ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ሲንሳፈፉ ማየታቸውን። ለካ ያን አረፋ የሚያነሣው ንጥረ ነገር ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ ይገድላል። ከዚያ በኋላ የዓመታት ምርምር ተደረገ፣ በ1989 እ.ኤ.አ. እሳቸውና ባልደረባቸው ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ።

እናቴ በጥሞና ሰማች። ከዚያ፣ «እኛ እያጠብን እነሱ ተሸለሙ» አለች።

ለዚህ ምን ይባላል? ድስት ፈገፈግሁ።

ትንሽ ቆይታ ግን እንደ ለራሷ፣ ወደ መንገዱ እያየች፣ «ዓባይም እንዲሁ ነው እኮ» አለች። «በነሐሴ ስታየው ጭቃ ነው፤ ደፍርሶ፣ ቀልቶ፣ አፈር ይዞ ነው የሚመጣው። ገደሉ ላይ ሲደርስ ግን ጢሱ ነጭ ነው።»

ስፖንጁ ከእጄ ወደቀ። እኔ በጠጅና በኬላ ስዞር እሷ ፏፏቴውን ስትሰማ ያደገች ሴት ናት። ዓባይ ከጣና ከወጣ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዶ 45 ሜትር ያህል ቁልቁል ሲወረወር፣ ውኃው ተበታትኖ ቁጥር የሌለው ጠብታ ይሆናል፤ ብርሃኑም እንደ አረፋው ከገጽ ወደ ገጽ ሲንከራተት ነጥቶ ይወጣል። ጭስ ያስመሰለው፣ ለፏፏቴውም ስሙን ያወጣለት ይኸው ነው። የማውቀውን ሁሉ ሰብስቤ ያልደረስሁበትን ምሳሌ በርጩማ ላይ ተቀምጣ አመጣችው፤ ደግሞ ማምጣቷን ያወቀችው ከተናገረች በኋላ ስለነበር ሳንቲም እንደ ጠፋበት ሰው ተናደደች።

ይሄኔ ስድስት ዓመት ያልሞላት ልጄ መጣች። ክርክሩን ከመስኮት ሆና ስትሰማ ቆይታለች። ከሳፋው ውስጥ ጣቶቿን አጣምራ አውጥታ እፍ ስትል አንዲት ትልቅ አረፋ ወጣች፤ ሮዝ፣ ሰማያዊ፣ ወርቅማ እየተቀያየረባት።

«ይቺስ?» አለች እናቴ በድል አድራጊነት። «ይቺ ድሀ ናት? ከየት አምጥታ ነው እንዲህ የለበሰችው?»

ልክ ናት፤ ይሄ ሌላ ጣጣ ነው። ይህ ቀለም ከሳሙናው የመጣ አይደለም፤ ነጭ ሳሙናም ብትሆን ያው ነው። ብርሃን ከአረፋዋ ግድግዳ የፊት ገጽ ላይ ጥቂት ይመለሳል፣ ከኋላው ገጽ ላይም ጥቂት ይመለሳል። የኋለኛው መንገዱ ስለሚረዝም ዘግይቶ ይደርሳል። ሁለቱ ሲገናኙ ነገሩ በሁለት ሰው እንደሚሳብ የግንድ መጋዝ ነው፤ ተናበው ሲስቡ መጋዙ ይሮጣል፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ወደየራሳቸው ሲጎትቱ ይቆማል። በአንዱ ውፍረት ላይ ቀዩ ይናበብና ይደምቃል፣ በሌላው ላይ ቀዩ ይቆምና ሰማያዊው ይደምቃል። ስለዚህ በአረፋ ገላ ላይ የምናየው ቀለም የውፍረቷ ልክ ነው። በሳፋው ውስጥም እያንዳንዷ እንዲህ ትለብሳለች፤ ሺህዎች ሲጋፉ ግን የአንዷ ቀይ በሌላዋ ሰማያዊ ይዋጣል።

ይህን በቃል አልጨረስሁትም። የእንጀራ ሰሃን በሳሙና ውኃ አረጠብሁ፣ በእስክሪብቶ ቀፎ ግማሽ ኳስ የምታህል አረፋ ነፋሁባት፣ ነፋስ እንዳይነካት በትልቅ የጠራ ብርጭቆ ከደንኋትና ደመናው በሚያንጸባርቅበት አቅጣጫ አስቀመጥኋት። ዘዴው የእኔ አይደለም። አይዛክ ኒውተን በ1704 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ኦፕቲክስ» ላይ የተረከው ነው፤ ያ ሁሉ ስበት የደረሰበት ሰው ቁጭ ብሎ አረፋ በብርጭቆ ይከድን ነበር። ከእርሱ ጋር በብዙ ነገር ሲናቆር የኖረው ሮበርት ሁክም በ1672 ስለ አረፋ ቀለሞች ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ አቅርቧል። መናበብና መቆሙን ግልጽ አድርጎ ያስረዳው ግን በ1800ዎቹ መጀመሪያ ላይ ቶማስ ያንግ ነው።

ሦስታችንም ጎንበስ አልን። መጀመሪያ ቀለሙ ዝብርቅርቅ ነበር። ቀስ እያለ ተሰለፈ፤ ቀለበት ቀለበት እየሆነ ከአናቷ ወደ ታች መውረድ ጀመረ፤ ውኃው እየሸሸ፣ አናቷ እየሳሳ። ከዚያ ቀለሙ ገረጣ። ከዚያ በጫፏ ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ ታየች።

«ቀዳዳ!» አለች ልጄ።

ቀዳዳ አይደለም። እዚያ ላይ ግድግዳው ከአንድ ሚሊ ሜትር 100,000 እጅ አንዱን ያህል ቀጥኗል። ከፊት ገጽ የሚመለሰው ብርሃን ሲመለስ ይገለበጣል፣ ከኋላው የሚመለሰው አይገለበጥም። በመካከላቸው ርቀት ሲጠፋ ለሁሉም ቀለም መጋዙ በአንድ ጊዜ ይቆማል፤ የሚመለስ ብርሃን የለም ማለት ይቻላል። ነጥቡ ሰፋ፣ ሰፋ፣ ከዚያ ብርጭቆው ባዶ ሆነ።

እናቴ ቀና አለች። «ሐዘኗን ራሷ ለብሳ ዐረፈች» አለች። ፊቷ ላይ ቀልድ አልነበረም።

ልጄ ድጋሚ፣ ድጋሚ አለች። ሰባት ጊዜ አደረግነው። ሳህኖቹ ሳፋው ውስጥ ቀዝቅዘው ቀሩ፣ አረፋውም ሞተ፤ ከሥር የቀረው ውኃ፣ ታምኑኛላችሁ፣ አረንጓዴ ቢጤ ነበር። እናቴ አየችው። «እነሆ ቀለሙ» አለች፤ አላጭበረበሩህም ግን አላለችም።

ከዚያ ነው እውነተኛው ክስ የወጣው። ነጠላዋን አስተካከለችና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ባለቤቴ እንዳትሰማ፣ «ለመሆኑ አንተ ዕቃ ማጠብ ከየት ተማርህ?» አለችኝ።

ነገሩ ወለል አለልኝ። ለካ ጠዋት በርጩማዋን ስትስብ ጀምሮ ከሳሙና ጋር አልተጣላችም። ወንድ ልጇን ሳፋ ላይ ስታየው የሚባለውን አጥታ፣ የልጇን ቤት መንቀፍ ነውር ሆኖባት፣ ቁጣዋን በአረፋው ላይ ተወጥታዋለች።

እኔም አግነስ ፖክልስን አመጣሁ። ጀርመናዊት ናት። በዘመኗ ዩኒቨርሲቲ ለሴት ዝግ ስለነበር ቤት ውላ ወላጆቿን ትጦር ነበር። ኩሽና ውስጥ ግን የውኃ ገጽ ቅባትና ሳሙና ሲነካው ምን እንደሚሆን ታጠና ጀመር፤ መለኪያውን ራሷ ከቆርቆሮ ሠርታ። ያገኘችውን በደብዳቤ ለእንግሊዛዊው ሊቅ ለሎርድ ሬይሌ ጻፈችለት፤ እሱም «ኔቸር» ለተባለው የሳይንስ መጽሔት አስተላለፈላትና በ1891 እ.ኤ.አ. ታተመ። የገጽ ሳይንስ ከሚያነሣቸው የመጀመሪያ ስሞች አንዱ የእሷ ነው።

«አየሽ እማዬ፣ ከዕቃ ማጠቢያ የተነሣ ዕውቀት ነው።»

«እሷ ሴት ናት» አለች እናቴ፣ ስፖንጁን ከእጄ ወስዳ። «ተነሥ።»

ተነሣሁ። እጅጌዋን ሰብስባ የቀረውን ሁሉ በአሥር ደቂቃ ጨረሰችው፤ ከጠርሙሱ ለራሷ ጠብ ስታደርግ እኔ ካደረግሁት እጥፍ ነበር። ባለቤቴ ከውስጥ ወጥታ አየችና ምንም ሳትል ተመልሳ ገባች። ያ ዝምታ ለሚቀጥለው እሑድ ምን እንደሚያስከፍለኝ ተረድቻለሁ።

ማታ እናቴ ጢስ ዓባይ ላለችው እህቷ ስልክ ደወለች። እኔ ቀጥሎ ያለው ክፍል ውስጥ ነኝ፤ ስልክ ስታወራ ደግሞ ድምፅዋ ከፏፏቴው ማዶ እንዲሰማ አድርጋ ነው። ስለ ዝናቡ አወራች፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋ አወራች፣ ከዚያ እህቷ ስለ እኔ ሳትጠይቃት አልቀረችም።

«ደህና ነው፣ ደህና ነው» አለች እናቴ። ጥቂት አሰበች። «እሑድ እሑድ ሳይቀር አያርፍም። ሳፋ ላይ ቁጭ ብሎ ብርሃን ይመረምራል።»